በቅሎ ፍለጋ

ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን ካንኮበር ተነሣን፣
ድንኳኑን፣ ገመዱን፣ ካርታውን ይዘን፣ ጨውን ግን ረሣን።
ትርሲት ከፊት ናት፤ ቁልቁለት ይሰለቻታል፣
ዳገት ሲመጣ ግን ወሬ ያምራታል።
አጥናፍ ያዘለው ሻንጣ ከራሱ ከአጥናፍ ይገዝፋል፣
ምን እንዳለው ስንጠይቀው በፉጨት ያልፋል።
ይርጋለም እርምጃ ይቆጥራል በስልኩ፣
ባትሪው እስኪሞት ድረስ ያ ነው የሱ ልኩ።
እኔ ኋላ ነኝ፤ የማየው አገር ሁሉ
የሦስት ሰው ጀርባ አለበት በመሐሉ።

ወፍ ዋሻን ስናቋርጥ ጽዱ ጠል ያራግፋል፣
ጭጋጉ ከኮሶ ሥር ተኝቶ ያንኮራፋል።
ደረጃው የዛፍ ሥር ነው፣ ቅጠሉ ረጥቦ፣
በወደቀው የሳቀ ራሱ ይነሣል ጭቃ ደርቦ።

ጣርማበር አፋፍ ላይ፣ ከባቄላ ማሳ ዳር፣
አንድ አዛውንት በርኖሳቸውን ጠቅልለው ተቀምጠው ነበር።
«ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉን።

አገር ለማየት እንዳንል አፈርን።
እግር ለማፍታታት እንዳንል የባሰ አፈርን፤
ለሳቸው ይህ ዳገት የወፍጮ ቤት መንገድ ነው።
ትርሲት ናት ያለችው፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፦
«በቅሎ ጠፍታብን ነው፤ እሷን ፍለጋ።»
«መልኳ ምን?»
               «ዳማ።»
                          «ግንባሯስ?»
                                        «ቦራ።»
ውሸት እንዲህ ነው፤ አንዴ ከተገራ
ኮርቻውን ራሱ ይጭናል።

አዛውንቱ እጃቸውን ካፋቸው ገጥመው ጮኹ ወደ ማዶ፤
ማዶው ለማዶው አቀበለ፤ ወሬው ገደል ወርዶ
ሌላ ገደል ወጣ። እኛ አንዱን ጉብታ ሳንጨርስ
በቅሏችን ሦስት ቀበሌ ደርሳ ስትመለስ።

ከዚያ ወዲያ በየጥጉ ሰው ይጠይቀናል፦
«ተገኘች?»
«አልተገኘችም።»
«አይዟችሁ፤ ይቀናል።»
እሸት ሰጡን፣ ጨው ሰጡን በጨርቅ ቋጥረው፣
ስለ ጅብና ስለ ሌባ የሚያውቁትን ሁሉ ነግረው።

ጓሳ ላይ ስናድር አጥናፍ ሻንጣውን ፈታ።
ብረት ድስት! ከነክዳኑ! አንድ ቅልጥምም በጆንያ ተጠቅልሎ።
«በጥቅምት አንድ አጥንት» አለ፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብሎ።
ሳቅንበት እስኪያመን። ከዚያ ድንገት ዝም እንላለን፤
ለሌለች በቅሎ በታዘነ ጨው እራት እንበላለን።

ሌሊቱን ውርጭ ወረደ፤ ሸራው እንደ ቆርቆሮ ደረቀ።
ጠዋት ጅብራው ከጭጋግ ወጥቶ ቆሟል፣
ጭላዳዎች ካፋፉ ብቅ ብለው ሣር ይነጫሉ፣
ቀና ብለው ሲያዩን «በቅሏችሁስ?» የሚሉ ይመስላሉ።

ቀትር ላይ አንድ ሰውዬ ከማዶ ተጣራ፤
በገመድ ይጎትታል። ዳማ ናት። ግንባሯ ቦራ።
«ሁለት ቀን ተከተልኳት፤ ምንጩ ጋ አገኘኋት፤
እንካችሁ፣ በቅሏችሁ ናት።»

ይርጋለም የሞተ ስልኩን ያይ ጀመር።
ትርሲት አንገቷን ደፋች፤ ከሥሩ ነገረችው፣
በቅሎ እንዳልነበረን፣ አፍረን እንደፈጠርናት።
ሰውዬው ሰማ። እኛን አየን። እሷን አየ።
የገመዱን ጫፍ በጣቱ ሲያፍተለትል ቆየ።

«እናንተ ባትዋሹ» አለ፣ «ይቺን ማን ይፈልጋት ነበር?»

ከዚያ የአጥናፍን ሻንጣ አንሥቶ ጀርባዋ ላይ ጫነ፣
ድስቱ ውስጡ ኳ ሲል ግንባሩን ከሰከሰ፣ አልጠየቀም።
«በሉ፤ ጌታዋን እንፈልግ።»

አምስት ሆነን፣ ከነሷ ስድስት፣ መንገዱን ያዝን።
አሁን ማንም አፋፍ ላይ «ምን ጠፋባችሁ?» ቢለን
የምንመልሰው አለን።

ጉብታው ላይ ሰውዬው እጁን ካፉ ገጥሞ ጮኸ።
በቅሎዋ ጆሮዋን አቆመች።
ማዶው ገና ያስብ ነበር።